የነጂው ክብደት

«ዛሬ እጅ መልቀቁን አንተ ነህ የምታደርገው» አለ አባት፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። «እሷማ ምን ቸገራት? እሷ ሥራዋ አላት።»

ይህን የነገረው ለወንድ ልጁ ነው። ሴቷ ልጁ ከማዕድ ቤቱ በር ማዶ፣ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ በርከክ ብላ የሥራ ጫማዋን እያሰረች ስለነበር አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች። ልግባና ልናገር ወይስ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ልሁን እያለች የጫማዋን ክር ሦስት ጊዜ አሰረች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች። ወንድምየው የመለሰው ነገር አልተሰማትም፤ አፉ ሞልቶ ነበር። መቼም ከመጣ ወዲህ አፉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ ነው እየተባለ የማርማላታው ብልቃጥ ወደ እሱ ሲጠጋ፣ ትኩሱ ዳቦ ለእሱ ሲቆረስ፣ ፀሐይ የሚገባው ክፍል ለእሱ ሲለቀቅ ወሩ አለቀ። ፀሐይ የሚገባው ክፍል የማን ነበር? የእሷ ነበር። ልብሷን በሁለት ካርቶን አድርጋ ወደ ጓዳ ስትዛወር «ለጥቂት ቀን ነው» ተብላለች።

እጅ መልቀቅ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በጠዋት አንጀት የሚያሳርር ነገር አይመስልም። የአባትየው ጋራዥ የጎማ አቅጣጫና የመሪ ማስተካከያ ነው። ሌላ ሥራ አይነካም፤ ሞተር ተበላሸብኝ ያለ ሰው በትሕትና ወደ ጎረቤት ይላካል። ከጋራዡ ጀርባ የአሮጌ ዱቄት ፋብሪካ አጥር ተከትሎ የሚሄድ፣ አራት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ አለ። መኪና ተስተካክሎ ሲያልቅ ባለቤቱ ከመንገዱ ዳር ይቆማል። ያስተካከለው ሰው መኪናውን ይነዳና ፍጥነት ሲይዝለት ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ ይዘረጋል። መኪናው እንደተሰመረ ከሄደ ሥራው አለቀ፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ተመልሶ ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን በዚያ ሰፈር መለዋወጫ ሻጩም፣ ጎማ ለጣፊውም፣ መስታወት ቆራጩም ያቺን ሰዓት ጠብቆ ከየሱቁ ብቅ ይላል፤ በሰፈሩ ዓይን ባለሙያው እጁን ያነሣው ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁን ያነሣው አባትየው ነበር። ከሠላሳው በሃያ ሁለቱ ከመኪናው ሥር ተጋድማ ብሎኑን ያጠበቀችው ግን ልጁ ናት፤ የእሷ እጅ የተነሣበት ቀን አንድም የለም።

ስሟን ከቤተሰቧ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሰፈሩ «ሲባጎ» ነው የሚላት። አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም መኪናውን ግራና ቀኝ በሲባጎ አጥራ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ጠርዝ በማስመሪያ እየለካች ስለምትሠራ። ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሁለት መንገድ ተሻግሮ አለ፤ የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ግን እዚያ ሞክረው ሞክረው በመጨረሻ ወደ እሷ ሲባጎ ይመጣሉ። ወደ አባቷ ሲባጎ ማለቴ ነው፤ እነሱ የሚያውቁት አባቷን ነውና።

ባለፈው ዓመት አባትየው ዓይኑን ሞራ ጀምሮት ሐኪም መንዳት ሲከለክለው ሲባጎ አዘነች። እውነቱን ለመናገር ያዘነው ግማሽ ልቧ ነው፤ ሌላው ግማሽ «እንግዲህ ተራዬ ደረሰ» ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቶቹ ራሳቸው እየሞከሩ፣ የእጅ መልቀቁ ነገር «እናስብበታለን» እየተባለ ዓመት ሞላው። በዚህ መሀል ታናሽ ወንድሟ መጣ። በሌላ ከተማ ሳሙና ሻጭ ነበር፤ ድርጅቱ ሲዘጋ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመለሰ። ሰው ጥሩ ነው፣ ሳቂታ ነው፤ ዳዶ ከብሎን ግን ለይቶ አያውቅም።

የዛሬው መኪና ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ትናንት በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣው ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ በዕድሜ ሲባጎን የሚበልጥ የስፖርት መኪና ነው። ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። አብሮት የመጣው አንድ ደንዳና ሰውዬ «ነገ በአሥር ሰዓት እንመጣለን» ብሎ የአባትየውን እጅ ጨብጦ ሄደ። አባትየው ሰው ሲጨብጥ ይመዝናል፤ ልማዱ ነው። እንዲህ ያለ ቀላልና ዝቅ ያለ መኪና የነጂው ክብደት ካላረፈበት ልኩ አይገኝም፤ ባዶውን የቀናው ሰው ሲቀመጥበት ይዛነፋል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት በነጂው ወንበር ላይ የነጂውን ያህል የሚከብድ የአሸዋ ከረጢት ይደረደራል። «ዘጠና አምስት ኪሎ» አለ አባትየው፣ ሰውዬው ራቅ ሲል። «ቢበዛ ዘጠና ስድስት።» የሚነዳው አንተ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ክብደት በመገመት ስም ያወጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ሲባጎ ቁርስ ሳትበላ ቀድማቸው ወጣች። የጋራዡን የብረት በር ገፍታ ገባች፣ መብራቱን አበራች። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመሮች አሉ፤ በየዓመቱ የምትቀባቸው እሷ ናት። ጥግ ላይ የአባቷ የመስታወት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ቁመቱን ሙሉ የቆርቆሮ ዘይት የተደረደረበት መደርደሪያ፣ በሩ አጠገብ ለደንበኛ የተቀመጠች ስፖንጇ የወጣ ሶፋ። ቀዩ መኪና መሀል ላይ ቆሟል። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አጎነበሰች።

የነጂው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። ላዩ ላይ መሀሉ የጎደጎደ አረንጓዴ የከፋይ ትራስ አለ። የውስጡ መስታወት ወደ ታች አዘንብሏል። ፔዳሎቹ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ ተረከዝ እያረፈበት የሳሳ ቦታ ይታያል፤ በሁለት ጣት ይሸፈናል። ያ ደንዳና ሰውዬ እዚህ ውስጥ ጉልበቱ እንኳ አይገባለትም። ይህን መኪና የሚነዳው ትንሽ ሰው ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ቢሞላ ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው። «አባዬ፣ ነጂው ሌላ ሰው ነው» ትላለች፤ አባቷም «እኔም ልልሽ ነበር» ይላል፤ ከረጢቱ ይቀነሳል። ዛሬ ግን በሩን እንደያዘች ቆመች። ቅናት ነው የያዛት፤ ሌላ ስም የለውም፣ እሷም ሌላ ስም አልሰጠችውም። ወንድሟ በዚያ መንገድ ላይ እጁን ሲያነሣ፣ መስታወት ቆራጩ ሲያፏጭለት፣ አባቷ ደረቱን ሲነፋ ታያት። ከዚያ ደግሞ ትክክለኛው ነጂ ሲቀመጥበት፣ መኪናው ወደ አጥሩ ሲያዘነብል፣ ያ የተነፋ ደረት ሲተነፍስ ታያት፤ ይህኛው ሥዕል ጣፈጣት። ትራሱን አንሥታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከዘይት ቆርቆሮዎቹ ኋላ ሸጎጠችው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው። መስታወቱን አቀናችው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ መኪና አውቃ አበላሽታ አታውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አባትና ልጅ ተያይዘው መጡ። አባትየው ከረጢቶቹን ሲያይ የወንድ ልጁን ሰፊ ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «ይኼን ሁሉ አሸዋ መሸከም ምን ያደርጋል? ዘጠና አምስት ኪሎ በእግሩ መጥቶልሻል! ቁጭ ይበልና እግረ መንገዱን ሥራውን ይማር።» ወንድምየው እየሳቀ ጎንበስ ቀና ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ወይ ጉድ! ወንበሩ ለእኔ የተለካ ነው የሚመስለው።»

ሲባጎ ቀና ሳትል ሲባጎዋን ወጠረች። «መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። አትተንፍስ አልልህም፤ ግን አትነቃነቅ።»

ሥራው ትዕግሥት ነው። መኪናው በእጅ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጎማው ቦታውን እንዲያገኝ። የቸርኬው የፊት ጠርዝ ከሲባጎው ስንት ራቀ፣ የኋላው ጠርዝስ ስንት ራቀ ተብሎ ይለካል፤ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ብዙ ነው። ከዚያ ከሥር ተገብቶ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ይላላል፣ ዘንጉ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ተመልሶ ይለካል። እንደገና። ደግሞ እንደገና። ሲባጎ ጀርባዋን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ ከሥር ስትሠራ ከላይ የወንድሟ ክብደት መኪናውን ተጭኖ ይሰማታል። ሲያስለው ቸርኬው ይንቀጠቀጣል። ልክ እንደ ሁልጊዜው በደንብ ሠራች፤ ይህም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ለተሳሳተ ሰው አንዲት ፀጉር ሳታጓድል አስተካከለችው።

«እትዬ» አለ ወንድሟ።

«አቤት።»

«አባዬ የነገረሽ ነገር አለ? ስለ ከሰዓቱ?»

«የለም።»

መሪውን እንደያዘ ቀጠለ። «እዚያ እያለሁ ስደውል፣ ታውቂያለሽ፣ ‹ሥራ ላይ ነን፣ ከእህትህ ጋር ነኝ› ብሎ ይዘጋብኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት። ምን እንደምትሠሩ እንኳ አላውቅም ነበር እኮ። ከከተማ ከተማ ሳሙና ተሸክሜ ስዞር፣ ሁለታችሁ አንድ ጎማ ከበባችሁ ስትስቁ ነበር የሚታየኝ።» ሳቅ አለ። «አሁን ደግሞ መጥቼ የአሸዋ ከረጢት ሆንኩ።»

ሲባጎ ከሥር ሆና ፈገግታ መጣባት። ስቀን አናውቅም ልትለው ፈለገች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስቀን አናውቅም። ከተጋደመችበት ሆና ላይኛው መደርደሪያ ላይ የትራሱ አረንጓዴ ጫፍ ይታያታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። ወንድሜ፣ ውረድ፣ ከረጢት እናምጣ። አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ከመስታወት ክፍሉ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ወጣ፣ በጥንቃቄ እየተራመደ መጥቶ በመኪናው መስኮት ለልጁ አቀበለው።

«ጠጣ፤ እንዳይደክምህ።»

ቁጭ ያለው ሰው እንዳይደክመው! ሲባጎ መፍቻውን አዞረች፣ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጠበቀች። ምሳ ሰዓት ላይ የእንቁላል ሳንዱች ዋጋ ደግሞ ጨመረ ተብሎ አባትየው ሁለት ብቻ ገዛ፤ አንዱን ሙሉውን ለወንዱ ሰጠ፣ ሌላውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለሲባጎ ሰጣት። የማይረባ ነገር ነው፤ በአርባ ዓመት ሰው ስለ ግማሽ ሳንዱች አያለቅስም። እሷም አላለቀሰችም፣ ግን ሳትቀምሰው በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ታክሲ ቆመ። ደንዳናው ሰውዬ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፤ ከውስጥ አንዲት ሚጢጢ ባልቴት ወረደች፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ለእሱ አሸክማ። «የወንድሜ ልጅ ነው» አለች። «መኪና አይነዳም፤ ዕቃ ይይዝልኛል።»

አባትየው ጨበጣት። መዘናትም። ሲባጎ ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው፤ አርባ ስምንት ኪሎ መሆኗን እጁ ነግሮታል። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ በሩ ላይ መስታወት ቆራጩ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ጎማ ለጣፊው ተደርድረው ሲጠብቁ አየና አፉን ዘጋው። «ልጄ ይሞክርልዎታል፣ እመቤቴ» አለ።

ወንድምየው የሸራውን ጣሪያ አጥፎ መኪናውን ወደ ጀርባው መንገድ አወጣ። ሲባጎ ጎማ ለጣፊው ኋላ ቆመች። ቀዩ መኪና ሄደ፣ ፍጥነት ያዘ፣ ሁለት ወፋፍራም እጆች ወደ ሰማይ ተነሡ። አልተዛነፈም። በተሰመረለት መስመር ላይ ሄዶ ሄዶ ዞሮ ተመለሰ። መስታወት ቆራጩ አፏጨ። «ልጄ ነው የሠራው!» አለ አባትየው፣ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ለቆት። «ወንዱ ልጄ! እጁን አያችሁት?» ሲባጎ እርር ድብን አለች። ያንን ልክ ያወጣው የእሷ ጀርባ ነው፤ ሲሚንቶው አሁንም ይቀዘቅዛታል።

«ጥሩ ነው» አለች ባልቴቷ። «አሁን እኔ ልሞክረው።»

ስትቀመጥ እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። ወንበሩን ሳበችው፣ መስታወቱን አዘነበለች፣ ከዚያ ዙሪያዋን ፈለገች። «ትራሴስ?» የወንድሟ ልጅ ኮቱን አጥፎ አስቀመጠላትና ሄደች። ትንንሾቹ ነጭ እጆች ሲነሡ መኪናው ሃምሳ ሜትር አልሄደም፤ ቀስ ብሎ ወደ ፋብሪካው አጥር አዘነበለ። መለሰችው፤ ደግማ ለቀቀችው፤ ደግሞ አዘነበለ። ተመልሳ መጥታ ሞተሩን አጠፋች።

«ይስባል።»

«ልጄ ናት የሠራችው» አለ አባትየው ወዲያው፣ ጣቱን ወደ ሲባጎ ቀስሮ። «ሴቷ። እኔ እንደሆነ ዓይኔ አያይም፣ ልጁም ገና መማሩ ነው። ሥራው የእሷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የሠራችው እሷ ናት።»

ሲባጎ ይህን ንግግር ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ ሰፈሩ በተሰበሰበበት፣ ባለ መኪናዋ በቆመችበት፣ በአባቷ አፍ።

ባልቴቷ ዘወር ብላ አየቻት። «ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራሽ ትራሴን አይተሻል።»

«እኔ ነኝ ያነሣሁት» አለ ወንድምየው በድንገት። «አልመች ብሎኝ... ወንበሩንም እኔ ነኝ የገፋሁት፣ እማማ።» ይህን ሲል የሚያየው ባልቴቷን አልነበረም፤ እህቱን ነበር። ገብቶታል። ጠዋት ወንበሩ ለእሱ የተለካ መስሎ ያገኘው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶታል፣ ገብቶትም እያዳናት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ ይራራ ነበር። የሲባጎ ልብ ግን ጭራሽ ተቃጠለ። ክፍሏን ወሰደ፣ ተራዋን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቷን ሊወስድባት ነው፤ ወስዶም በሰው ፊት ደግ ሊባልበት! ይህቺን እንኳ አትለቅለትም።

«ይዋሻል» አለች። «እኔ ነኝ። ትራሱን የደበቅሁት፣ ወንበሩን የገፋሁት፣ መስታወቱን ያቀናሁት እኔ ነኝ። ነጂዋ ቀላል ሰው መሆኗን ጠዋት አውቄያለሁ። አውቄ ነው ያበላሸሁት።»

ጎማ ለጣፊው ሳል መጣበት። ባልቴቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሲባጎን አየች፣ ወንድምየውን አየች፣ አባትየውን ረጅም ጊዜ አየች። «አስገቡት» አለች በመጨረሻ። «እዚያው ተቀምጬ ትሠራዋለች።»

ሲባጎ ትራሱን ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራውን አራግፋ አቀረበችላት። ባልቴቷ ተቀመጠችበትና መሪውን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሐውልት ጸጥ አለች። ሲባጎ ከሥር ገባች። አባትየው መጥቶ የእጅ ባትሪ ያዘ፤ የት እንደሚያበራ ስለማይታየው ብርሃኑ የሲባጎ ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር። እሷም ወደዚህ አድርገው አላለችውም፤ ዘንጉን በእጇ እየዳበሰች አገኘችው። ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ግማሽ ዙር ወደዚያ። ወንድሟ የሲባጎውን ጫፍ ያዘ፤ ያዝ ያለው ሳይኖር።

ሲያልቅ ባልቴቷ ወረደች። «አንቺ ንጂው» አለች። «የእኔና የአንቺ ክብደት ያው ነው። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ሲባጎ አረንጓዴው ትራስ ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ከመንገዱ ዳር ሆና ስታየው ነው የኖረችው፤ ከመኪና ውስጥ ጠባብ ነው። ፍጥነት ሲይዝላት እጆቿን ከመሪው አላቀቀች፣ ወደ ላይ ዘረጋቻቸው። ቅባት የጠገቡ፣ ጥፍራቸው የጠቆረ እጆች ነፋስ ላይ ቆሙ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ስንት ዓመት በሐሳቧ ነድታዋለች፤ በሐሳቧ ውስጥ ሰፈሩ ያፏጭ ነበር። አሁን ያፏጨ የለም። በትንሿ መስታወት ወደ ኋላ ስታይ ወንድሟ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው፤ አባቷ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ እሷ አፍጥጧል። ተመልሳ ሞተሩን ስታጠፋ «አነሣች?» ብሎ ልጁን ሲጠይቀው ሰማች።

«አንሥታለች፣ አባዬ።»

ባልቴቷ ቁልፏን ተቀበለች፣ ጓንቷን አስተካከለች። «ልኩ ይኼ ነው» አለች ለሲባጎ። ቀጥላ ወደ አባትየው ዞረች። «በየስድስት ወሩ አመጣዋለሁ። ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው። ስትሠራ ግን አጠገቧ እቆማለሁ።»

«እኔም እቆማለሁ» አለ አባት፣ ልጁን ሳያያት።

ቀዩ መኪና ሄደ፣ ሰፈሩም ወደየሱቁ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት ከመኪና ሥር ስትጋደም እንዴት ነው የምትሠሪው ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም፤ ከእንግዲህ ግን ሁለት ሰው ሊጠብቃት አጠገቧ ይቆማል። ሲባጎ ከወንድሟ እጅ የሲባጎውን ጫፍ ተቀበለችና መጠቅለል ጀመረች።